ከእልቂት በኋላ በአንድ ሚዛን ፊት፦ የማራባ ቡና አምራቾች ማኅበር

ስለ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የምርት ዋጋና የትርፍ ክፍፍል ነው። ሆኖም ማኅበር ከዚህ የከበደ ሸክም የተሸከመበት ጊዜ አለ። የሩዋንዳ ቡና አምራቾች ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው።

እንደሚታወቀው እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 1994 ጀምሮ በ100 ቀናት ገደማ ከ800,000 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ቱትሲዎች፣ በጎረቤቶቻቸው ጭምር ተጨፈጨፉ። በደቡብ ሩዋንዳ ቡታሬ ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው ማራባም ባሎቻቸው የተገደሉባቸው ሴቶች፣ ባሎቻቸው በግድያ ተጠርጥረው ከታሰሩባቸው ሴቶች ጋር ጎን ለጎን መኖር ግድ ሆነባቸው።

እ.ኤ.አ. በ1999 የአካባቢው ገበሬዎች «አባሁዛሙጋምቢ» የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። ስያሜው ለአንድ ዓላማ አብረው የሚሠሩ ሰዎች ማለት ነው። ከ220 ገደማ መሥራቾች መካከል ብዙዎቹ በእልቂቱ የቤተሰብ አባሎቻቸውን ያጡ ነበሩ። ይሁን እንጂ ቡናቸውን በየቤታቸው እየፈለፈሉ ስለሚሸጡ የሚያገኙት ዋጋ እጅግ ዝቅተኛ ነበር።

በአሜሪካ መንግሥት የልማት ተራድኦ የተደገፈው ፐርል ፕሮጀክት ከሩዋንዳ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን እርዳታ ሰጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ኮሚክ ሪሊፍ በተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት አጋዥነት የማራባ ቡና ለእንግሊዝ ገበያ በቃ።

የእሸት ቡና ጠባይ ለማንም ገበሬ እንግዳ አይደለም። በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይጎድላል። በመሆኑም በለቀማ ወቅት ሁሉም በየዕለቱ በአንድ ሰልፍ፣ በአንድ ሚዛን ፊት መገናኘት ነበረበት። የአንዱ ጥሬ ፍሬ የሌላውን ቀይ ፍሬ ዋጋ ስለሚያወርድ አንዱ ሌላውን መምከር፣ ማመንም ነበረበት።

እርግጥ ነው፣ አብሮ መሥራት ፍትሕን አይተካም። የበደል ጉዳይ ጋቻቻ በተባለው የማኅበረሰብ ሸንጎ እስከ እ.ኤ.አ. 2012 ድረስ ታይቷል። ሟችን የሚመልስ ገበያም የለም። ረጂዎቹ ያቀረቡት ማሽን፣ ሙያና ገበያ ነው፤ ይቅርታ ግን በእርዳታ የሚሰጥ ዕቃ አይደለም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። የማራባ ገበሬዎች ግን ድሩ ከተበጣጠሰ በኋላ መልሶ ማበር እንደሚቻል አሳይተዋል። ለዚህም ትክክለኛ ሚዛን፣ ግልጽ የሒሳብ መዝገብና አባላትን እኩል የሚያይ አመራር ያስፈልጋል። እነዚህ በሌሉበት ማኅበር ራሱ አዲስ ቂም መፍጠሩ አይቀርም።