በባሕር ሣር ሥር የተከማቸ ስኳርና የአለካኩ ዘዴ

በባሕር ውኃና በወለሉ ደለል የሚገኝን አነስተኛ ስኳር መለካት ለረጅም ጊዜ አዳጋች ነበር። ምክንያቱ ጨው ነው፤ መጠኑ ከስኳሩ እጅግ ስለሚበልጥ የመለኪያ መሣሪያን ሥራ ያውካል። በጀርመን ብሬመን ከተማ በሚገኘው የማክስ ፕላንክ የባሕር ማይክሮባዮሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ያዳበሩት ዘዴ ናሙናውን ያደርቃል፤ ስኳሩን በኬሚካል ወደሚተን ውሁድ ለውጦ በጋዝ ክሮማቶግራፊ ይለያል፤ በማስ ስፔክትሮሜትር ይለካል።

በዚሁ ዘዴ በሜዲትራኒያን የባሕር ሣር ሥር የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነው የስኳር ክምችት ቀደም ሲል በባሕር ከተለካው ቢያንስ 80 እጥፍ ይበልጣል። አብዛኛው ሱክሮስ፣ ማለትም በየቤቱ ሻይ የሚጣፈጥበት ስኳር ነው። ሣሩ የሚያመነጫቸው ፌኖሊክ ውሁዶች ደቂቅ ዘአካላት እንዳይመገቡት ይገታሉ። ይህ ክምችት በዓለም ዙሪያ ቢበላ ቢያንስ 1 ነጥብ 54 ሚሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚለቀቅ ተመራማሪዎቹ ገምተዋል፤ ይህም 330 ሺሕ መኪኖች በዓመት ከሚለቁት ጋር ይስተካከላል።