የ29 ዓመት አምበሎቻችን

እኛ የአርሰናል ደጋፊዎች አንድ ሰሞን የአምበላችንን ስም ማሊያ ላይ ማስጻፍ ፈርተን ነበር። ለምን አትሉም?

እ.ኤ.አ. በ2004 ያለ ሽንፈት የሊጉን ዋንጫ ያነሳው ቡድን አምበል ፓትሪክ ቪየራ በ2005 ለጁቬንቱስ ተሸጠ። በ2007 ደግሞ ተተኪው አምበል ቴሪ ሄንሪ ለባርሴሎና። ሁለቱም 29 ዓመታቸው ነበር። አዝነን ዝም አልን፤ የቬንገር ሂሳብ ይገባን ነበርና። ተጫዋች 30 ሳይሞላው፣ ዋጋው ሳይወርድ ይሸጣል። በዚያ ላይ በ2006 የተከፈተው ኤምሬትስ ስታዲየም 60 ሺህ መቀመጫ ብቻ ሳይሆን ዕዳም ይዞብን መጥቷል። (ፋብሪጋስስ? እሱ በ2011፣ በ24 ዓመቱ፣ ወዳደገበት ባርሴሎና ተመለሰ። የቤት ናፍቆት ነው፣ እንለፈው።)

ያልተዋጠልን የ2012ቱ ነው። ሮቢን ቫን ፔርሲም ያኔ 29 ዓመቱ ነበር፤ ውሉ አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶት አላድስም ብሏል። ሂሳቡ ያው ነው። ግን በአንድ የሊግ ዘመን 30 ጎል ያገባን አምበል በ24 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ለማን? ለማንቸስተር ዩናይትድ! ቪየራና ሄንሪ ባሕር ተሻግረው ነው የሄዱት፤ ይሄኛው ግን ባላንጣችን ቤት ገባ። አንድ ዓመት አጫውተን በነፃ ብንለቀው ይሻለን ነበር እንላለን፣ ዛሬም።

ዩናይትድ በእሱ 26 የሊግ ጎሎች ታግዞ ሻምፒዮን ሆነ። ኤፕሪል 28 ቀን 2013 የእኛ ልጆች ኤምሬትስ ላይ በሁለት ረድፍ ቆመው ለሻምፒዮኖቹ አጨበጨቡ። ቫን ፔርሲ በመሃላቸው አለፈ። በዚያው ጨዋታ ፍጹም ቅጣት ምት አገባብን፤ 1 ለ 1።