ጥርስና ጠጠር

የእንጅባራ ተማሪ ከወንዝ ዳር ነጭ ጠጠር አንሥቶ «የጥንት ጥርስ አገኘሁ» ቢለን፣ ከመሳቃችን በፊት አገላብጠን እንመልከተው። የዘንገና ሐይቅ እንደሚመሰክረው አገሩ የእሳተ ገሞራ ነውና ሳይሳሳት አይቀርም፤ ጥያቄው ግን የሚናቅ አይደለም።

ውሃ ጠጠርን ከየአቅጣጫው እያሻሸ ያድበለብለዋል። ጥርስ ግን አክሊልና ሥር፣ በመካከላቸውም የአንገት መስመር አለው፤ መስተዋት መሰል ሽፋኑ ሲሰበር ውስጡ ሌላ ንብር ይታያል፤ የሚበላውም በሚያላምጥበት ገጹ ነው።

ታኅሣሥ 8 ቀን 1985 ዓ.ም. በአፋር፣ አራሚስ ላይ፣ ጃፓናዊው ተመራማሪ ገን ሱዋ በጠጠር መካከል ብልጭታ አየ፤ የመንጋጋ ጥርስ ሥር ነበረች። አልፏት ቢሆንስ? ከ4.4 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረውን ፍጡር ሱዋ፣ ቲም ኋይትና ኢትዮጵያዊው ብርሃነ አስፋው በ1987 ዓ.ም. «ራሚደስ» ሲሉ ሰየሙት። «ራሚድ» በአፋርኛ ሥር ማለት ነውና።