ከፓሪስ ወደ ብራናው፦ የእስክንድር ቦጎሲያን መንገድ

በ1955 አንድ የአዲስ አበባ ልጅ የመንግሥት የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ አውሮፓ ተሻገረ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እስክንድር ቦጎሲያን በ1937 የተወለደ፣ በአባቱ የአርመን ዘር ያለው ወጣት ነበር። ለንደን ሁለት ዓመት ከተማረ በኋላ ፓሪስ ገባ፤ እዚያም ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆይቶ በአካዳሚ ደ ላ ግራንድ ሾሚዬር ተማረ፣ አስተማረም። ከልቡ ገብቶ ያናወጠው ነገር ግን ከመምህራኑ የመጣ አልነበረም። የአንድ ኩባዊ ሠዓሊ ሥራ ነበር።

ሠዓሊው ዊፍሬዶ ላም ይባላል። በ1902 ከቻይናዊ አባትና የአፍሪካም የስፔንም ደም ካላት እናት የተወለደ ሲሆን፣ የክርስትና እናቱ በባርነት ከተጋዙ አፍሪካውያን የተወረሰው የሳንቴሪያ እምነት አዋቂ ነበረች። ዊፍሬዶ ፓሪስ ውስጥ ከፒካሶ ጋር ተወዳጀ። በ1924 የሱሪያሊዝምን ማኒፌስቶ ካወጣው ከአንድሬ ብሬቶን ጋር ደግሞ በ1941 በአንድ መርከብ ከማርሴይ ተሰደደ። ኩባ ተመልሶ በ1943 የሠራው «ጫካው» የተሰኘ ሥዕል ፊት ሲቆሙ፣ ከሸንኮራ አገዳው መሀል ጭንብል የመሰለ ፊትና ትልልቅ እግር ያላቸው ፍጥረታት ብቅ ይላሉ። ሰውነታቸው የት አብቅቶ አገዳው የት እንደሚጀምር መለየት ይቸግራል። ከላይ በስተቀኝ አንዱ እጅ መቀስ ጨብጧል።

እስክንድር ከሠዓሊዎቹ ከፓውል ክሌና ከቺሊያዊው ሮቤርቶ ማታም ብዙ ቀስሟል። የዊፍሬዶ ግን ለብቻው ነው። የአያቶቹን መናፍስት ለጌጥ ያህል ሳይሆን የዘመናዊ ሥዕል እምብርት አድርጎ ያስቀመጠ ሰው ነበርና። ያንን ያየ ኢትዮጵያዊ ወጣት የራሱን አገር ሳያስብ ሊያልፍ አይችልም።

ምክንያቱም አገር ቤት ጠልሰም አለ።

በሰሜን ኢትዮጵያ ደብተራው ለታመመ ሰው ክታብ ሲያዘጋጅ፣ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ፍቆ ብራና ያወጣል። ቆዳውን በቀጫጭኑ ሰንጥቆ ጫፍ ለጫፍ እየሰፋ፣ ርዝመቱን ከባለቤቱ ቁመት ጋር ያስተካክላል። ጸሎቱን በጥቁርና በቀይ ቀለም ይጽፋል፤ የባለቤቱን የክርስትና ስምም በየቦታው ያስገባል። በጽሑፉ መሀል መላእክትን፣ የሰሎሞንን ማኅተምና ዓይኖችን ይሥላል። ፊት ለፊት የሚያፈጡ፣ ከመስቀል ክንድና ከኮከብ ጫፍ የሚወጡ ዓይኖች ናቸው። ጠልሰም የሚባለው ይህ ሥዕል የተሠራው ለማማር ብቻ አይደለም። በታማሚው ላይ ያደረው ጋኔን በበሽተኛው ዓይን ሲመለከተው ደንግጦ እንዲሸሽ ነው። ሱሪያሊስቶች በሕልምና በድንጋጤ የሰውን ውስጥ ለመንካት ሲደክሙ፣ ይህ ጥበብ ጎንደርና ጎጃም ውስጥ መድኃኒት ሆኖ ዘመናት አልፎታል።

በእስክንድር ሥዕል ላይ ሁለቱ ተገናኙ። በ1964 «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» የተሰኘውን ሥራ በዘይት ቀለምና በኮላጅ ሠራ። በዚያው ዓመት በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ በቴምፔራና በብረት ቀለም «የጁጁ ሠርግ»ን ሠራ። ይህን ሁለተኛውን በኒውዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ገዛው። የዊፍሬዶ «ጫካው» ከ1945 ጀምሮ ያለው እዚያው ነው። በወጣትነቱ ያናወጠውን ሠዓሊ እስክንድር በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀላቀለው።

በ1966 አገሩ ተመልሶ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ 1969 አስተማረ። በ1967 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ። እዚያ ያስተማረበት ዘመን አጭር ቢሆንም አሻራው ሰፊ ነው። በዚያ ዘመን ከትምህርት ቤቱ የወጣው ዘሪሁን የትምጌታ የክታቡን ቀጭን ቁመት ወደ ቀርከሃ ስንጣሪ አሻግሮ ሣለበት። እስክንድር በ1970 ወደ አሜሪካ ሄዶ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ሲያስተምር ደግሞ ወሰኔ ኮስሮፍ ከተማሪዎቹ አንዱ ሆነ፤ ወሰኔ የግእዝን ፊደል የሥዕሉ አካልና ነፍስ አደረገው።

እስክንድር ከመሞቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2001፣ ከሠዓሊት ከበደች ተክለአብ ጋር «ኔክሰስ» የተሰኘ ግዙፍ የአሉሚኒየም ሥራ አጠናቀቀ። የክርስትናው፣ የእስልምናው፣ የቤተ እስራኤሉና የአገር በቀሉ እምነት ምልክቶች ከሙዚቃ መሣሪያዎችና ከዕፅዋት ጋር አንድ ላይ ተሠርተውበታል። ሥራው የቆመው በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግንብ ላይ ነው፤ ለፓስፖርትም ሆነ ለውክልና ጉዳይ ወደዚያ ጎራ የሚል ሰው ከወረፋው በፊት ጥቂት ደቂቃ ቆም ብሎ ቢያየው ይገባዋል።