ከውጫሌ ወደ ናፖሊ

ባለፈው ዓመት አንድ አብሮ አደጌ ከናፖሊ ፎቶ ላከልኝ። ከኋላው ሰማያዊ ባሕር፣ ከባሕሩ ማዶ ቬሱቪየስ የሚሉት እሳተ ገሞራ፣ ከፊቱ ደግሞ ከሳህኑ የተረፈ ፒዛ። ከፎቶው ሥር እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ፀሐይዋ የመርሳ ፀሐይ ናት፤ ትርፉ ባሕሩ ብቻ ነው።»

ብቻዬን ሳቅኩ። እኔና እሱ ወልዲያ ነው ያደግነው። መርሳ ለእኛ፣ ወደ ደሴ ስንሄድ መኪናው ቆም ሲል በመስኮት ብርቱካንና ማንጎ የምንገዛባት፣ ከወልዲያ ለብሰነው የወጣነውን ሹራብ የምታስወልቀን ሞቃት ከተማ ናት። ደግሞ ስሟ! «መርሳ» በዐረብኛ መርከብ የሚያርፍበት ወደብ ማለት ነው። ግብጽ ውስጥ፣ እዚያው ሜዲትራኒያን ዳር፣ መርሳ ማትሩህ የምትባል የታወቀች የመዝናኛ ከተማ አለች። የሐብሩዋ መርሳ ግን መርከብ ቀርቶ ጀልባም አይታ አታውቅም።

ለጓደኛዬ መልስ ልጽፍለት ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እሱ ፒዛ የሚበላባት ናፖሊ ከዛሬ 130 ምናምን ዓመት በፊት ሌላ የአገራችንን ሰው በእንግድነት ተቀብላ ነበር። ያን ሰው ወደዚያ ያስኬደው ወረቀት የተፈረመው ደግሞ እኛ ብርቱካን ስንገዛ ከኖርንባት መርሳ ብዙም በማይርቅ ቦታ ነው።

ከመርሳ ወደ ደሴ ስትጓዙ ውርጌሳን ታልፉና ውጫሌ ትገባላችሁ። ውጫሌ ዛሬ በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል ወረዳ ሥር ናት። እዚያ አካባቢ ይስማ ንጉሥ የሚባል ቦታ አለ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የጣሊያኑ መልእክተኛ ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ 20 አንቀጽ ያለውን ውል የተዋዋሉት እዚያ ነው። የቦታውን ስም ልብ በሉልኝ፦ ይስማ ንጉሥ። ንጉሡ የሰሙትና ጣሊያን የጻፈችው ግን ለየቅል ነበር።

ጊዜውን እናስታውስ። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁት በመጋቢት ነው፤ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ነኝ ብለዋል እንጂ ዘውዱን ገና አልደፉም። ጣሊያን ደግሞ ከ1877 ዓ.ም. ጀምሮ ምጽዋ ላይ ተቀምጣ ወደ ደጋው ታንጋጥጣለች። ምኒልክ የሚፈልጉት እውቅናና መሣሪያ ነበር፤ ጣሊያን የምትፈልገው መሬት። ስለዚህ በውሉ ሐላይን፣ ሰገነይቲንና አስመራን ለጣሊያን የሚተው ድንበር ተሰመረ። ይሄ የትርጉም ስህተት አይደለም። እያወቅን የሰጠነው ነው። ስለ ውጫሌ ስናወራ አንቀጽ 17ን ብቻ አንስተን ይሄኛውን የምንዘለው፣ ተታለልን ማለት ሰጠን ከማለት ስለሚቀል ይመስለኛል።

አንቀጽ 17ን ሁላችንም ትምህርት ቤት ሸምድደነዋል። አማርኛው ምኒልክ ከሌሎች የአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት በኩል መላላክ ይቻላቸዋል ይላል። ጣሊያንኛው ምርጫውን አጥፍቶ ግዴታ አድርጎታል። በአንዱ ቋንቋ ጣሊያን ፖስተኛ ናት፤ በሌላው ሞግዚት። ሁለቱም ግን የሚጠሩት በአንድ ስም ነው፦ የውጫሌ ውል።

እንግዲህ ይህን ውል ይዘው ወደ ጣሊያን እንዲሄዱ የተመረጡት ደጃዝማች መኮንን ናቸው። የሐረር ገዥ፣ የምኒልክ የአክስት ልጅ፣ በኋላ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባት የሚሆኑት። ያኔ 37 ዓመታቸው ነበር። ከአንቶኔሊ ጋር ሆነው በነሐሴ 1881 ናፖሊ ገቡ።

እስቲ አስቡት። ከሐረር ተነስቶ በረሃውን አቋርጦ ባሕር መድረስ። ከዚያ መርከብ። ከዚያ ተቆፍሮ ካለቀ ገና 20 ዓመቱ የሆነው የስዊዝ ቦይ። ከዚያ ሜዲትራኒያን። ሮም ላይ ንጉሥ ኡምቤርቶ በቤተ መንግሥታቸው ተቀበሏቸው። ከዚያም ለወራት ከከተማ ከተማ እየተዘዋወሩ ፋብሪካውን፣ የጦር ዕቃ ቤቱን፣ ሠራዊቱን ተመለከቱ። በዛሬ ቋንቋ «ሙሉ ወጪ የተሸፈነበት ጉብኝት» ነው። የጋባዡ ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ እንግዳው አይቶ ይደነቅ፣ ተደንቆም ይፍራ።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያን ጊዜ በሮም ዋናው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ ከጥንታዊት ግብጽ የተወሰደ የድንጋይ ሐውልት ቆሞ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ላለቁት 500 ያህል የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ እንዲሆን ነው የተተከለው። ሐውልቱ በኋላ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ተተከለ እንጂ፣ በጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ እስከ ዛሬ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። የኢትዮጵያ ልዑካን በወዳጅነት የተጠሩባት ከተማ በሯ ላይ ቂም ተክላ ነበር ማለት ነው።

ቂሙ ደግሞ ድንጋይ ሆኖ ብቻ አልቀረም። መኮንን ገና ጉዞ ላይ ሳሉ የጣሊያን ጦር ወደ ደጋው እየወጣ ነበር። በግንቦት መጨረሻ ከረንን ያዘ። በሐምሌ መጨረሻ አስመራ ገባ። እንግዳው ናፖሊ ሲደርሱ፣ አስመራ ላይ የጣሊያን ባንዲራ ከተሰቀለ ሦስት ሳምንት ያህል ሆኖት ነበር።

መስከረም 22 ቀን 1882 ዓ.ም. መኮንንና የጣሊያኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ፍራንቼስኮ ክሪስፒ እዚያው ናፖሊ ላይ «ተጨማሪ ውል» ፈረሙ። ጓደኛዬ ፎቶ የተነሳባት ከተማ ለእኛ ታሪክ የምትገባው በዚህ ፊርማ ነው። ምኒልክ በውሉ 4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር አገኙ፤ መያዣው የሐረር ጉምሩክ ገቢ ሆነ። እዚያው ውስጥ ግን አንዲት ትንሽ ሐረግ ገባች፦ ድንበሩ የሚካለለው «አሁን በእጅ ባለው ይዞታ» መሠረት ነው። ትንሽ የምትመስል ሐረግ ናት። ትርጉሟ ግን፣ የጣሊያን ወታደር የቆመበት ሁሉ የጣሊያን ነው የሚል ሆነ። ወታደሩም መራመዱን አላቆመም፤ መረብ ወንዝ ድረስ ሄደ። በታኅሣሥ 1882 ጣሊያን የያዘችውን ምድር «ኤርትራ» ብላ ሰየመችው። ከናፖሊው ፊርማ ቀናት በኋላም አንቀጽ 17ን በራሷ ትርጉም ለአውሮፓ መንግሥታት አስታውቃ ነበር።

ምኒልክ ይህን ያወቁት በሰው ደብዳቤ ነው። መንገሣቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት ቢጽፉ፣ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ «በጣሊያን በኩል ነው መጻፍ ያለብዎ» የሚል መንፈስ ነበረው። ለገዛ ደብዳቤህ በሌላ ሰው በኩል መልስ ሲመጣልህ ምን ይሰማሃል? ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር ዓመታት ፈጀ። አንቶኔሊ አዲስ አበባ መጥቶ ተከራከረ፣ እቴጌ ጣይቱ አፍ አፉን አሉት፣ በ1885 ዓ.ም. ምኒልክ ውሉን መተዋቸውን ለአውሮፓ አስታወቁ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የመታለል ታሪክ ነው። ብዙዎቻችንም የምናቆመው እዚህ ነው። ግን ያ እንግዳ የት ገባ?

ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ የማጆር ቶዜሊን ጦር የደመሰሰው የኢትዮጵያ ግንባር ቀደም ሠራዊት መሪ ራስ መኮንን ነበሩ። አዎ፣ ያው የናፖሊው እንግዳ። አብረዋቸው የወሎው ራስ ሚካኤልና የየጁው ገዥ ራስ ወሌ ብጡል፣ የእቴጌ ጣይቱ ወንድም፣ ተሰልፈዋል። ወልዲያም መርሳም የጁ ናቸው፤ ስለዚህ የእኛ አያቶች አባቶችም እዚያ ነበሩ ማለት ነው። ከዚያ የመቀሌ ምሽግ ተከበበ፣ ውሃው ተዘጋበት፣ ለቅቆ ወጣ። ከዚያ የካቲት 23፣ ዓድዋ። የጣሊያንን የጦር ፋብሪካ እየዞሩ የጎበኙት ሰው፣ ከፋብሪካው የወጣውን መድፍ ከእነ ባለቤቱ ማረኩት። አይቶ ይፈራል የተባለው እንግዳ አይቶ ተምሮ ነበር የመጣው።

አሁን ልል ወደፈለግኩት ልምጣ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌ ውል ተሻረ። አንቀጽ 17 ሞተ። የጣሊያን ጦር ከናፖሊው ፊርማ በኋላ የተደላደለበት የመረብ መስመር ግን አልሞተም። በአዲሱ ውል መረብ ጊዜያዊ ድንበር ሆኖ ቀጠለ፤ በ1892 ዓ.ም. ደግሞ በሌላ ውል ጸና። ዓድዋ ላይ ያ ሁሉ ደም ፈስሶ «ይቻላል» የሚለውን ቃል መለስን። «አሁን በእጅ ባለው ይዞታ» የሚለውን ሐረግ ግን አልመለስንም። አንዳንድ ፊርማ በጦርነት እንኳ አይፋቅም።

ይሄ የሽማግሌ ተረት መስሎ ከታያችሁ፣ አንድ የቤታችንን ጉዳይ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት የአክስቴ ልጅ ከሐብሩ መጥታ እኛ ቤት አደረች። ወደ ዐረብ አገር ልትሄድ ነው። ሁለት ገጽ ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣችና «አንተ የተማርክ አይደለህ፣ እስቲ ምን ይላል?» አለችኝ። ዐረብኛ ነው። ከሥር የእሷ ፊርማ አለ። «ደላላው ምን አለሽ?» አልኳት። ደመወዙን ነገረችኝ፣ የዕረፍት ቀኑን ነገረችኝ። እሱ በአማርኛ የነገራትን ነው እንግዲህ። ወረቀቱ ምን እንደሚል እኔም አላወቅኩ፣ እሷም አላወቀች። በማግስቱ ሄደች። ከሁለት ዓመት በኋላ ስትመለስ የዕረፍት ቀን የሚባል ነገር እንዳልነበረ ነገረችን።

ከሐብሩ፣ ከመርሳ፣ ከወልዲያ ስንቱ እንዲህ እንደሄደ የአካባቢው ልጅ ሁሉ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ማስወጣት ስትጀምር፣ በእኛ ሰፈር የሚጠብቀው ሰው የሌለው ቤት ጥቂት ነበር። ባሕር የሌላት መርሳ ልጆቿን ወደ ባሕር መላክ ከጀመረች ቆይታለች። አንዳንዱ በቀይ ባሕር፣ አንዳንዱ በሊቢያ በኩል፣ ጓደኛዬ ፎቶ ወደተነሳበት ወደዚያው ሜዲትራኒያን። ምኒልክ ቢያንስ አስተርጓሚ ነበራቸው።

ሰው አይሂድ እያልኩ አይደለም። መኮንንም ሄደዋል፤ ባይሄዱ ኖሮ ምናልባት ያን ያህል አያውቁም ነበር። የምለው፣ ስንሄድ ሁለት ዓይን ይኑረን ነው። አንዱ ባሕሩን ይይ፣ ሌላው ወረቀቱን። የማናነበውን ቋንቋ የሚያነብልን፣ ከደላላው ሌላ የሆነ ሰው እንፈልግ። ወልዲያ ውስጥ ዐረብኛ የሚያነቡ ሼኽ አይጠፉም፤ መርሳም አይጠፉም። ቡና አፍልቶ መጠየቅ ነው።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ በረጅሙ ጻፍኩለት። ፒዛው ሳይበርድበት አልቀረም። መልሱ አጭር ነበር፦ «ይስማ ንጉሥ ሄደህ አይተህ ታውቃለህ?»

ወደ ደሴ ስሄድ በውጫሌ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ ቆጠርኩ። አንድም ቀን አልወረድኩም።