የምረቃ ጋዋን

የምረቃ ጋዋን በዩኒቨርሲቲዎችና በኮሌጆች የምረቃ በዓል ላይ ተመራቂዎች፣ መምህራንና የተቋሙ ኃላፊዎች ከልብሳቸው በላይ የሚደርቡት ረጅምና ሰፊ ልብስ ነው። ብዙውን ጊዜ አናቱ ጠፍጣፋ ከሆነና ዘርፍ ከሚንጠለጠልበት ቆብ ጋር ይለበሳል። በኢትዮጵያ ለተመራቂዎች የተለመደው ቀለም ጥቁር ነው።

አመጣጥ

ልብሱ የመጣው ከመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ነው። በፓሪስና በኦክስፎርድ ይማሩና ያስተምሩ የነበሩት በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስለነበሩ የካህናትን ረጅም ቀሚስ ይለብሱ ነበር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1895 የወጣ ደንብ ጋዋንን በማዕረግ ለየ። የባችለር እጅጌ ጫፉ ሾጣጣ፣ የማስተርስ ረጅምና ጫፉ የተዘጋ ሲሆን፣ የዶክተር እጅጌ ሰፊ ሆኖ ሦስት የከፋይ መስመሮች አሉት።

አስገዳጅነት

በእንግሊዝ ጋዋን ለረጅም ጊዜ የዘወትር ልብስ ነበር። በኦክስፎርድና በካምብሪጅ ማታ ያለ ጋዋን ከተማ ውስጥ የተገኘ ተማሪ በገንዘብ ይቀጣ ነበር። ኦክስፎርድ ዛሬም በጽሑፍ ፈተና ላይ ያስለብሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 ተማሪዎቹ ድምፅ ሲሰጡ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ግዴታው እንዲቀጥል መርጠዋል። ደጋፊዎች ልብሱ የሀብታምና የድሃን ልዩነት ይሸፍናል ሲሉ፣ ተቃዋሚዎች ራሱ የመደብ ምልክት ነው ይላሉ።

በኢትዮጵያ

በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ንጉሠ ነገሥቱ ቻንስለር ሆኑ፤ በምረቃ በዓላትም ጋዋን ለብሰው ዲፕሎማ ይሰጡ ነበር። የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይኸው ተቋም ነው። ልማዱ በኋላ በተከፈቱት ተቋማትም ቀጥሏል።

በአዳማ ከእነዚህ አንዱ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ ተመሠረተ፣ በ2006 አዳማ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፣ በ2011 የአሁኑን ስም አገኘ። ሪፍት ቫሊ ዩኒቨርሲቲም በግል ኮሌጅነት የተነሣው ከዚሁ ከተማ ነው።

ከግቢ ውጭ ግን ጋዋን ለመልበስ የሚጠየቅ ነገር የለም። የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ለብሰውት "ይመረቃሉ"፤ በፎቶ ቤቶችም ለሚነሣ ሰው ይዘጋጃል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የጋዋን ፎቶ ስለዚህ የትምህርት ማስረጃ አይሆንም።

ጋዋንና የመውጫ ፈተና

በኢትዮጵያ ከአለባበሱ ይልቅ ጥብቅ የሆነው የመመረቅ መብቱ ነው። ዲግሪ የሚሰጠው በዩኒቨርሲቲው ሴኔት ውሳኔ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም ሆነ የግል ተቋማት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች በትምህርት ሚኒስቴር የመውጫ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት አለባቸው። ፈተናው በትምህርቱ ማብቂያ ላይ ስለሚሰጥ አራት ወይም አምስት ዓመት የተማረ፣ ለጋዋን ከፍሎ ዘመድ የጠራ ተማሪ እንኳ ነጥቡ ካልሞላለት ዲግሪ አያገኝም። ፈተናውን ደግሞ መውሰድ ይችላል፤ ሲያልፍም ዲግሪው ይሰጠዋል።