አስነጋሪና ሲኒየር

ልጁን ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ገጠር ዩኒቨርሲቲ የሚልክ ገበሬ ብዙ ነገር ያሰጋዋል፤ መንገዱ፣ ሕመሙ፣ የኪስ ገንዘቡ። ቀድሞ የገባው ተማሪ ግን ከስጋቶቹ ተርታ የለም። «እሱ ያውቀዋል፣ ያሳይሃል» ይባላል እንጂ። ልጁ ግቢ ሲደርስ ስሙ «ፍሬሽ» ይሆናል። ቢሮ ቢጠይቅ ሌላ ሕንፃ ያመለክቱታል፤ አንዱ መምህር መስሎ ያንቀጠቅጠዋል፤ ሌላው የጎጃም አነጋገሩን እየቀዳ ያስቅበታል። ቢከፋው መልሱ «ጨዋታ አይገባህም እንዴ?» ነው።

ጨዋታው ዕድሜ ጠገብ ነው። የምሥራቅ ሮም ንጉሠ ነገሥት ዮስቲንያኖስ በ533 (እ.ኤ.አ.) የቁስጥንጥንያና የቤሩት የሕግ ተማሪዎች በአዲስ ገቢዎች ላይ የሚያዋርድ ቀልድ እንዳይቀልዱ በአዋጅ ከልክሏል። በቤሩት ተቆጣጣሪ ያደረገው አገረ ገዢውን፣ ጳጳሱንና መምህራኑን ነው። አሜሪካ ደግሞ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ኮሌጆች እንዲህ ያለውን ድርጊት መዝግበው ይፋ እንዲያደርጉ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። በመካከሉ ወደ 1,500 ዓመት አልፏል! አዋጅ ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል?

እኔ የምለው፣ እኛ ዘንድስ? ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ አገር ነው። ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ቅኔ ቤት የደረሰ ልጅም ለአገሩ እንግዳ፣ ለሰው ባዳ ነበር። ኑሮው ገነት ነበር አልልም፤ ውሻው፣ ረሃቡ፣ የየኔታ አለንጋ፣ የትልልቆቹ ትእዛዝ ነበረበት። ዳሩ ግን ከበላዩ ያለው ተማሪ ሥራ ነበረው፤ አስነጋሪ ይባላል። ግሱን ያስነግረዋል፣ አገባቡን ያስረዳዋል። አስነጋሪ የሚያሰኘው ዓመት ቀድሞ መምጣቱ ሳይሆን ማወቁ ነው። ያስነገረው ጀማሪ የኔታ ፊት ሲንተባተብ እሱስ በምን ፊቱ ቀና ይላል?

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፍቶ ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት ሲጀመር ሌላ መሰላል አቆምን። «ፍሬሽማን»ና «ሲኒየር» የሚሉት ቃላት ከባሕር ማዶ መጡ። ማዕረጉ ገባ፣ ግዴታው ከኋላ ቀረ። ሲኒየርነት ዓመት በመቁጠር ብቻ የሚገኝ ሆነ። ሥራ ያልተሰጠው የበላይ ደግሞ ለራሱ ሥራ ይፈጥራል። አምና የተዋረደው ልጅ ቂሙን የሚወጣው ባዋረደው ላይ አይደለም፤ ዘንድሮ ሻንጣውን ይዞ ከአውቶቡስ በሚወርደው ላይ ነው።

ክልከላው ይቅር ማለቴ አይደለም፤ የመታና ያስፈራራ በሕግ ይጠየቅ። ግን ለእያንዳንዱ አዲስ ተማሪ አንድ ነባር በስም ይመደብለት። ቢሮውን ያሳየው፣ ለመጀመሪያው ፈተና ያስጠናው፣ ልጁ ከክፍል ቢጠፋ «የት ሄደ?» ተብሎ ይጠየቅበት። ይህን ለሠራ ምስክር ወረቀት ይጻፍለት። የነገ አስተማሪ የሚወጣበት እንደ ፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ያለ ግቢ ቢጀምረው ደግሞ ያምርበታል። ይህን ያልሠራውን ግን ሲኒየር አንበለው፤ ቀድሞ የተመዘገበ ተማሪ ነው፣ በቃ።